የዶክትሬት ተማሪና አማካሪ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የሦስተኛ ዲግሪ ትምህርት እንደ መጀመሪያውና እንደ ሁለተኛው ዲግሪ ክፍል ገብቶ፣ ተፈትኖ፣ ውጤት ተለጥፎ የሚያልቅ አይደለም። ኮርሱ ካለቀ በኋላ ተማሪው ለዓመታት ፊት ለፊት የሚገናኘው ከአንድ ወይም ከሁለት ሰው ጋር ነው። ያ ግንኙነት ከሰመረ ሥራው ቢከብድም ይገፋል፤ ከተበላሸ ጎበዝ ተማሪ እንኳ መንገድ ላይ ይቀራል። እኔ አራት ዓመት ይፈጃል የተባለውን ትምህርት በስድስት ዓመት ተኩል ነው የጨረስኩት። ዛሬ በተራዬ አማካሪ ነኝ። እዚህ የሰበሰብኳቸውን ጥያቄዎች ተማሪዎቼ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ አንዳንዴም ውጭ አገር የሚማሩ የአገር ልጆች በስልክ ደጋግመው ይጠይቁኛል።

ተማሪና አማካሪ ሲራራቁ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በክፋት የመጣው ጥቂቱ ነው። የሚበዛው እንዲህ ነው፦ ተማሪው "ሥራ በዝቶባቸዋል፣ ባላስቸግራቸው ይሻላል" ብሎ ይጠብቃል፤ አማካሪውም "ሲደርስለት ራሱ ይመጣል" ብለው ይጠብቃሉ። ሁለቱም ጨዋ ሰዎች ናቸው፤ በመካከሉ ግን ዓመት ያልፋል።

አማካሪዬ ከእኔ ምን ይጠብቃሉ? እኔስ ከእሳቸው ምን ልጠብቅ?

የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ በአብዛኛው የሚገኘው አማካሪዎ ከተማሩበት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1950 እ.ኤ.አ. ቢመሠረትም የዶክትሬት ፕሮግራም የጀመረው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። አገር ውስጥ ዶክትሬት የማስተማር ልማዳችን የአርባ ዓመት ገደማ ዕድሜ ነው ያለው ማለት ነው። ከአንጋፋዎቹ መምህራን ብዙዎቹ ዲግሪያቸውን ይዘው የመጡት ከጀርመን፣ ከሆላንድ፣ ከስዊድን፣ ከእንግሊዝ፣ ከህንድ ወይም ከቀድሞዋ ሶቭየት ኅብረት ነው። ጀርመኖች አማካሪውን "ዶክቶርፋተር" ይሉታል፤ የዶክትሬት አባት እንደ ማለት ነው። በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ተማሪው ራሱን ችሎ ሠርቶ፣ የሚያሳየው ነገር ሲኖረው እንዲመጣ ሊጠብቅ ይችላል። ስዊድን የተማረ ደግሞ በየጊዜው የሚታደስ የተጻፈ የጥናት ዕቅድ ለምዷል። ሁለቱም የሚያውቁት ያለፉበትን ነው።

ስለዚህ አንድ ቀን ሻይ ቡና ላይ "እርስዎ ሲማሩ ከአማካሪዎ ጋር እንዴት ነበር የምትሠሩት?" ብለው ይጠይቁ። ይህችን ጥያቄ ጠይቄ በደስታ ያላጫወተኝ መምህር አላጋጠመኝም። ከጨዋታው መሀል እርስዎን የሚጠብቅዎትንም ይሰማሉ።

በእርስዎ በኩል ደግሞ ርዕሱ በተሰጠዎት ዓመታት የሚያልቅ መሆኑን እንዲያዩልዎ፣ የጻፉትን አንብበው እውነቱን እንዲነግሩዎ፣ ሊያግዙዎ ከሚችሉ ሰዎች ጋር እንዲያገናኙዎ፣ ፎርም በጊዜው እንዲፈርሙልዎ መጠበቅ ይችላሉ። እንግሊዝኛዎን ቃል በቃል ማረምና ዳታ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ማስገባት ግን የእሳቸው ሥራ አይደለም።

አማካሪ ከመያዜ በፊት ምን ላጣራ?

በብዙ ቦታ የሚመድበው ዲፓርትመንቱ ስለሆነ ምርጫው ሙሉ በሙሉ በእጅዎ ላይሆን ይችላል። ቢሆንም ማጣራት አይከለከልም። ከሁሉ የሚሻለው የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ማነጋገር ነው። "ጥሩ ሰው ናቸው?" ብለው አይጠይቁ፤ ሁሉም "አዎ" ይልዎታል። "የላክህላቸውን ምዕራፍ በስንት ጊዜ መለሱልህ?" ይበሉ። ከእሳቸው ጋር ጀምረው የጨረሱት ስንት እንደሆኑ፣ አሁን ስንት ተማሪ እንደያዙ፣ በቅርቡ ጡረታ ወይም ሳባቲካል (ከማስተማር የሚለዩበት የምርምር ፈቃድ) እንዳላቸው ይጠይቁ። ስማቸው የገነነ ሆነው ጊዜ የሌላቸው አሉ፤ ብዙም ሳይታወቁ የላኩላቸውን ሁሉ መስመር በመስመር የሚያነቡም አሉ። ለእርስዎ የሚጠቅሙት ሁለተኛዎቹ ናቸው።

በመጀመሪያው ቀጠሮ ምን እንነጋገር?

የጥናቱን ርዕስ ብቻ አውርተው አይውጡ። አሠራራችሁንም ያንሱ። በየስንት ጊዜ እንገናኝ? ሰነድ በኢሜይል ልላክ ወይስ አትሜ ላምጣ? ለቀጠሮ በቴሌግራም ብጽፍ ቅር ይልዎታል? አንድ ምዕራፍ ከላክሁልዎ በኋላ አንብቦ ለመመለስ ስንት ሳምንት ልስጥዎ? ለመስክ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ከየት ይመጣል? ከጥናቱ ለሚወጣ ጽሑፍ የስም ቅደም ተከተል እንዴት ይሁን? እነዚህ መጀመሪያ ላይ ሲነሱ ቀላል ናቸው። በሦስተኛው ዓመት፣ ቅሬታ ካለ በኋላ ሲነሱ ግን እንደ ክስ ይሰማሉ።

የተስማማችሁበትን አንድ ገጽ ላይ ያስፍሩት። ውል አያስመስሉት፤ "እንዳልረሳው ጻፍኩት" ቢሉ ይበቃል። ስዊድኖች ይህን ሕግ አድርገውታል፤ እያንዳንዱ የዶክትሬት ተማሪ የግል የጥናት ዕቅድ አለው፣ ዕቅዱ የተማሪውንም የተቋሙንም ግዴታ ይይዛል፣ በየጊዜውም ይከለሳል። እኛ ዘንድ ደንብ ባያስገድደንም በራሳችን ፈቃድ ብናደርገው የሚከለክለን የለም።

ከዚያ በኋላም ከእያንዳንዱ ቀጠሮ ስትወጡ በዚያው ቀን አጭር መልእክት ይላኩ። ተማሪዎቼን የማስለምዳቸው እንዲህ ያለውን ነው፦

"ጤና ይስጥልኝ ፕሮፌሰር። ለዛሬው ጊዜዎ አመሰግናለሁ። የተስማማንባቸው፦ አንደኛ፣ የጥናት ቦታው ከአራት ወረዳ ወደ ሁለት ዝቅ ይላል። ሁለተኛ፣ መጠይቁን አስተካክዬ እስከ ኅዳር 15 እልካለሁ። ሦስተኛ፣ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው የሚሄደውን ደብዳቤ ሰኞ ይፈርሙልኛል። ያልተረዳሁት ካለ ያርሙኝ።"

ይህ መልእክት ሁለት ደቂቃ ቢወስድ ነው። ከስምንት ወር በኋላ አማካሪዎ "ሁለት ወረዳ ብቻ ማን አለህ?" ሲሉ ግን ዋጋውን ያዩታል። ረስተው እንጂ ሊጎዱዎ አይደለም፤ አሥር ተማሪ የያዘ ሰው ይረሳል።

ይሉኝታ ይዞኝ "አልገባኝም" ማለት ያቅተኛል። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝን ሰው ሁሉ እኔው ነኝ ብዬ ነው የማዳምጠው።

ሁለተኛ ዓመቴ ላይ ነው። ጥናቴ በ24 ትምህርት ቤቶች ያሉ ተማሪዎችን ውጤት የሚመለከት ነበር። አማካሪዬ ፕሮፖዛሌን እያገላበጡ "ይሄማ መልቲሌቭል ሞዴል ይፈልጋል" አሉኝ። "እሺ" አልኩ። ቢጫ ወረቀት ላይ ቃሉን ጻፍኩ፤ አጻጻፉን እንኳ እርግጠኛ አልነበርኩም። ከቢሮ ስወጣ ምን እንደተባልኩ አላውቅም። ተመልሼ መጠየቅ አፈርኩ፤ መምህር ሆኜ ስታቲስቲክስ አልገባኝም ማለት ሞት መሰለኝ። አራት ወር የማውቀውን ተራ ትንተና ስሠራ ቆየሁ። ስሕተቱ ግልጽ ነበር፤ በአንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ ልጆች አንድ ዳይሬክተር፣ አንድ መምህር፣ አንድ አካባቢ ስለሚጋሩ ውጤታቸው ይመሳሰላል። እነሱን እንደማይገናኙ ሰዎች ቆጥሮ ማስላት የሌለ ልዩነት እንዳለ ያስመስላል። መልቲሌቭል ሞዴል ይህን መመሳሰል ከግምት የሚያስገባ የስሌት ዘዴ ነው።

ውጤቱን ይዤ ስቀርብ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። "እኔም እኮ በደንብ አላውቀውም" አሉኝ። "ስታቲስቲክስ ክፍል የሚያውቅ ልጅ አለ። ያን ዕለት ብትነግረኝ አብረን እንሄድ ነበር።" በማግሥቱ አብረን ሄድን። ነገሩ በሦስት ሳምንት አለቀ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለው ለዚህ ነው። "አልገባኝም" የሚለው ቃል ከከበደዎ በሌላ መንገድ ይምጡበት፦ "እንደገባኝ ላስረዳዎትና የሳትኩትን ያርሙኝ" ይበሉ። ይህ አክብሮትን አይነካም፣ ይሉኝታንም አይሰብርም፣ እውነቱን ግን እዚያው ያወጣዋል። ሁለተኛው መንገድ "በዚህ ላይ የማነበው አንድ ጽሑፍ ይጠቁሙኝ" ማለት ነው። አማካሪው የሚጠቁሙት ከሌላቸው እሳቸውም ያኔ ሰው ይፈልጋሉ።

ምዕራፍ ከላኩ ሁለት ወር አለፈ፤ መልስ የለም። ተቀይመውኝ ይሆን?

አይመስለኝም። ዝምታን እንደ ቅያሜ መተርጎም የሁላችንም ልማድ ነው፤ የኢሜይል ዝምታ ግን ብዙ ጊዜ ኢሜይሉ ታች መውረዱን ብቻ ነው የሚያሳየው። መጀመሪያ የላኩትን መልእክት ራስዎ መልሰው ያንብቡት። "ድራፍቱን አያይዣለሁ፤ ኮሜንትዎን እጠብቃለሁ" የሚልና 80 ገጽ የተያያዘበት ከሆነ፣ የተቀበለው ሰው "ሰፊ ጊዜ ሳገኝ አነበዋለሁ" ብሎ ነው የሚያልፈው። ያ ሰፊ ጊዜ አይመጣም።

እንዲህ ቢጽፉ ይለያል፦ "ምዕራፍ ሦስትን ልኬያለሁ፤ 14 ገጽ ነው። በተለይ ከገጽ 6 እስከ 9 ያለውን የናሙና አወሳሰድ ቢያዩልኝ፤ እሱ ላይ ነው ጥርጣሬ ያለኝ። የቋንቋውን አሁን ይተዉት። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ይኖሩ እንደሆነ ብመጣ ደስ ይለኛል።" የተወሰነ ገጽ፣ የተወሰነ ጥያቄ፣ የተወሰነ ቀን አለው።

ሁለት ሳምንት ካለፈ ያስታውሱ። ማስታወስ ንዝንዝ አይደለም። ካልተመለሰ አትመው ይዘው ይሂዱ፤ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያሳስባል። አንጋፋ መምህራን ብዙዎቹ ዛሬም በእስክሪብቶ ነው የሚያርሙት፤ የኮምፒውተር ማረሚያ ያታክታቸዋል። እየጠበቁ ሌላውን ምዕራፍ ይቀጥሉ እንጂ እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። ይህ ሁሉ ሆኖ ወራት ካለፉ ወደ ተባባሪ አማካሪው፣ ቀጥሎም ወደ ዲፓርትመንት ኃላፊው ይሂዱ። ሲሄዱም ቀኖቹን ጽፈው ይዘው ይሂዱ፤ ስሜትዎን ማስረዳት አይጠበቅብዎትም።

የመጣልኝ አስተያየት ሁሉ ቀይ በቀይ ነው። ሞራሌ ወደቀ።

አባቶቻችን በቅኔ ቤት ይህን ነገር ፈትተውት ነበር። የቅኔ ተማሪ ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል (ይደርሳል)፤ ከዚያ ከየኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ እሳቸውም የተዛነፈውን እዚያው ያቀኑለታል። ሲጀምር ረጅሙን መወድስ አምጣ የሚለው የለም። ሁለት ቤት ባላት ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ያልፋል፣ እንዲህ እያለ ይወጣል። እርማቱ የዕለት እንጀራው ስለሆነ አይሰብረውም።

እኛ ደግሞ ዓመት ሙሉ ደብቀን እንጽፍና መቶ ገጽ በአንዴ እናቀርባለን። መቶ ገጽ ላይ የሚወርደው እርማት በአንዴ ሲመጣ ማንንም ያንበረክካል። በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይስጡ። ሦስት ገጽ የተሳሳተ ሐሳብ ይዞ ቢታረም ያጡት ሦስት ገጽ ነው።

ቀዩን ሲያዩት በመጀመሪያው ቀን አይመልሱ፤ ይደሩበት። ከዚያ ሠንጠረዥ ይሥሩ፦ አንዱ ዓምድ ላይ የተሰጠው አስተያየት፣ ሁለተኛው ላይ ያደረጉት ለውጥ፣ ሦስተኛው ላይ ገጹ። ሲለዩት ግማሹ የፊደልና የነጥብ ነገር ሆኖ ያገኙታል። የማይስማሙበት ካለ ዝም ብለው አይለፉት፤ "ይህን ያልቀየርኩት በዚህ ምክንያት ነው" ብለው ማስረጃውን ይጻፉ። ተማሪ በማስረጃ ሲከራከራቸው የሚደሰቱ አማካሪዎች ከምታስቡት በላይ ብዙ ናቸው። በዲፌንስ ቀን፣ ሥራዎን በፈታኞች ፊት ቀርበው ሲከላከሉ የሚጠበቅብዎትም ይኸው ነው።

ሁለት አማካሪዎች አሉኝ፤ አንዱ እዚህ፣ አንዷ ውጭ አገር። አይስማሙም።

በሳንድዊች ፕሮግራም፣ ማለትም ከፊሉን እዚህ ከፊሉን ውጭ አገር የሚማሩ ይህን ያውቁታል፤ ለረጅም ዓመታት በስዊድን፣ በኖርዌይ፣ በቤልጅየምና በሆላንድ ድጋፍ ብዙ ኢትዮጵያውያን እንዲህ ተምረዋል። ትልቁ ስሕተት ለአንዷ የነገሩትን ለሌላው አለመንገር ነው። ተማሪው በሁለት ሰው መካከል መልእክተኛ ሲሆን ሁለቱም "የእኔን ትቶ የእሷን ያዘ" ማለት ይጀምራሉ። የጥናቱን ይዘት የሚነካ ኢሜይል ሁሉ ለሁለቱም በአንድ ላይ ይሂድ። በዓመት ሁለት ጊዜ ቢያንስ ሦስታችሁም በዙም ተገናኙ፤ የመጨረሻው ውሳኔ በየትኛው ጉዳይ የማን እንደሆነም ይጻፍ። ለምሳሌ የመስክ ሥራው የአገር ውስጡ አማካሪ፣ የላቦራቶሪው የውጭዋ ይሁን ማለት ይቻላል።

ትንሽ የሚመስል፣ ግን ብዙ ቅሬታ የሚያመጣ ነገር ሰዓት ነው። "8 ሰዓት እንገናኝ" ብሎ ለስዊድን የጻፈ ተማሪ አውቃለሁ፤ እሱ ከምሳ በኋላ ሲገባ ፕሮፌሰሯ ጠዋት ጠብቃው ሄዳለች። ስዊድን በበጋቸው ከእኛ አንድ ሰዓት፣ በክረምታቸው ሁለት ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በማርችና በኦክቶበር መጨረሻ እሑድ ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። "5/4" የሚል ቀንም አይጻፉ፤ የወሩን ስም ይጻፉ፣ በሁለቱም አቆጣጠር ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። እዚያ ፕሮፌሰርን በመጀመሪያ ስም መጥራት የተለመደ ነው፤ ሲጠይቁዎ ይጥሩ። እዚህ ሲመለሱ ግን "ዶክተር" እና "ፕሮፌሰር" ቦታቸው ላይ ናቸው።

ከጥናቴ በሚወጣ ጽሑፍ ላይ የአማካሪዬ ስም የግድ መግባት አለበት? የማን ስም ይቅደም?

የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ያወጣው መመዘኛ ከሕክምና ውጭም ብዙዎች የሚጠቅሱት ነው። አራት ነገር ይጠይቃል፤ አራቱም መሟላት አለባቸው። በሐሳቡ፣ በአሠራሩ፣ በመረጃው ወይም በትንተናው ላይ ጉልህ ድርሻ፤ ጽሑፉን መጻፍ ወይም በይዘቱ ላይ ጠለቅ ያለ እርማት መስጠት፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂ ለመሆን መስማማት። ገንዘብ ማምጣት ብቻውን ወይም በአጠቃላይ መቆጣጠር ብቻውን በቂ አይደለም፤ እንዲህ ያለው በምስጋና ክፍል ይጠቀሳል።

በዚህ ሚዛን ጥያቄውን አብሮዎ የቀረጸና ድራፍቱን ያረመ አማካሪ ስሙ ይገባዋል። ሳያነብ ስሙ የገባ ኃላፊ ግን አይገባውም። ከመመረቂያ ጽሑፍ በሚወጣ ሥራ ላይ ተማሪው ፈርስት ኦተር (ስሙ የሚቀድመው ጸሐፊ) መሆኑ የተለመደና ፍትሐዊ ነው። ጠቡ የሚመጣው ጽሑፉ ካለቀ በኋላ ሲነሳ ስለሆነ ዳታ ከመሰብሰቡ በፊት ይነጋገሩ። አማካሪው ሳያዩትና ሳይፈቅዱ ስማቸውን አስገብቶ መላክም ትልቅ ስሕተት ነው፤ ለመመረቅ የጆርናል ጽሑፍ ሲጠየቅ በችኮላ፣ ገንዘብ ከፍሎ በሳምንት ለሚያወጣ ጆርናል የላኩ ተማሪዎች አሉ። እንዲህ ያለው ጽሑፍ የአማካሪውንም ስም ይዞ ይወድቃል።

በቻትጂፒቲ ብጠቀም ለአማካሪዬ መንገር አለብኝ?

አዎ፣ በመጀመሪያው ቀን። ቋንቋ ማስተካከልን የሚፈቅዱ አሉ፣ ጨርሶ የማይፈቅዱም አሉ፤ ብዙ ጆርናሎችም መጠቀምዎን እንዲገልጹ ይጠይቃሉ። የሌለ ጽሑፍ ፈጥሮ እንደ ማጣቀሻ ሊሰጥዎ እንደሚችል አይርሱ። አማካሪዎ አንድ የሌለ ማጣቀሻ ካገኙ ሌላውን ሁሉ መጠርጠራቸው አይቀርም፤ ያን እምነት መመለስ ዓመት ይፈጃል።

አማካሪዬ የግል ሥራቸውን ያሠሩኛል። እምቢ ማለት እችላለሁ?

አንድ ክፍል አግዘው ማስተማር ወይም ፈተና ማረም እንደ ልምምድ ሊቆጠር ይችላል። ያለ ክፍያ የኮንሰልታንሲ ሪፖርት መጻፍ ግን ሌላ ነው። በቀጥታ "አልችልም" ማለት ከከበደዎ ምርጫውን ወደ እሳቸው ይመልሱት፦ "ምዕራፍ አራትን እስከ ጥር 10 እንድጨርስ ተስማምተን ነበር። ይህን ብይዝ እሱ ይቆይ ይሉኛል?" አብዛኛው አማካሪ እዚህ ላይ ይመለሳል። የማይመለሱ ከሆነ ጉዳዩ የአክብሮት መሆኑ ቀርቷል፤ ለዲፓርትመንቱ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ ሊቀርብ ይገባል።

የጥናት ቦታዬ በጸጥታ ምክንያት ተዘጋ። አማካሪዬ ግን "ቀጥል" ይላሉ።

ይህ ባለፉት ዓመታት ብዙ ተማሪ ያጋጠመው ነው። በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ትግራይ ውስጥ ስልክና ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከአማካሪያቸው ጋር ለረጅም ጊዜ ድምፅ መስማት ያቃታቸው ነበሩ። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ጀምሮ ደግሞ አማራ ክልል ውስጥ መስክ መውጣት ለብዙዎች ከባድ ሆኗል። ሕይወትን አስይዞ የሚሰበሰብ ዳታ የለም፤ የመጠይቅ ሰብሳቢዎችዎም ሕይወት እንደዚያው ነው።

ያለውን ሁኔታ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ባዶ እጅዎን ግን አይቅረቡ። ሁለት አማራጭ ይዘው ይምጡ፤ ለምሳሌ ቦታ መቀየር፣ ቀድሞ የተሰበሰበ ዳታ መጠቀም፣ በስልክ ቃለ መጠይቅ ማድረግ፣ ጥያቄውን ማጥበብ። የሥነ ምግባር ፈቃድዎ ለቀድሞው ቦታና ዘዴ የተሰጠ ስለሆነ ለውጡን ለኮሚቴው ማሳወቅ አለብዎት። መንገድ ሊዘጋ በሚችልበት አካባቢ ያላችሁ፣ አማካሪያችሁ ዘንድም የዳታችሁ ቅጂ ይኑር።

ነፍሰ ጡር ነኝ። አሁን ብናገር ከሥራ የምሸሽ እንዳይመስልባቸው ፈራሁ።

ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው እህቴ። የሠራተኛ የወሊድ ፈቃድ በሕግ 120 ቀን ነው፤ በዩኒቨርሲቲ መምህርነት ተቀጥረሽ የምትማሪ ከሆነ መብትሽ ነው። ስትነግሪያቸው ከዕቅድ ጋር ይሁን፤ ከመውለድሽ በፊት ምን እንደሚያልቅ፣ በፈቃድሽ ጊዜ ምን እንደማይጠበቅብሽ፣ መቼ እንደምትመለሺ። የትምህርት ጊዜ ማራዘሚያውን በደብዳቤ ጠይቂ፤ የላከሽ መሥሪያ ቤትም ይወቀው። በአፍ የተባለ ማራዘሚያ ኃላፊ ሲቀየር ይጠፋል።

አማካሪዬ ከትምህርት ውጭ የሆነ ነገር ጠየቀኝ።

ወሲባዊ ጥያቄ፣ ንክኪ፣ ወይም "ካልተስማማሽ አታልፊም" የሚል ማስፈራሪያ ከሆነ እስካሁን ስለ መነጋገር ያልኩት ሁሉ እዚህ አይሠራም። ብቻሽን ተነጋግረሽ የምታስተካክዪው አይደለም። ጥፋቱም የአንቺ አይደለም። የተላከልሽን መልእክት አታጥፊ፤ ቀኑንና የሆነውን ጻፊ፤ ለምታምኛት ሰው ዛሬውኑ ንገሪ። በር ተዘግቶ አትገናኚ። በዩኒቨርሲቲዎች የሥርዓተ ፆታ ቢሮ አለ፤ ወደዚያ ሂጂ፤ ብቻሽን መሄድ ከከበደሽ ሰው ይዘሽ ሂጂ። ባልደረባ የሆንን መምህራንም ሰምተን ዝም ካልን የጥፋቱ ተካፋይ ነን። ይህን የምለው እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሰምቼ "ሐሜት ይሆናል" ብዬ ስላለፍኩና እስከ ዛሬ ስለሚቆጨኝ ነው።

አማካሪ መቀየር ይቻላል?

ይቻላል። በስዊድን ደንብ የዶክትሬት ተማሪ ቢያንስ ሁለት አማካሪ አለው፤ ልቀይር ብሎ ከጠየቀም ይፈቀድለታል። በእኛ ብዙ ጊዜ በዲፓርትመንቱ የድኅረ ምረቃ ኮሚቴ በኩል ነው የሚሄደው። ከማመልከትዎ በፊት ሌላ ሊቀበልዎ ፈቃደኛ የሆነ ሰው ይኑር። በደብዳቤው ላይ የርዕስ አቅጣጫ መለወጥን ወይም የጊዜ አለመመቻቸትን ይጻፉ፤ የሰው ስም የሚያጎድፍ ነገር ካልተገደዱ በቀር አይጻፉ፤ ሁላችንም ተመልሰን በአንድ ፈታኝ ኮሚቴ ላይ የምንገናኝ ጥቂት ሰዎች ነን። የሚመች ከሆነ የቀድሞውን አማካሪ ራስዎ ሄደው ያመስግኑ። ከሌላ ሰው አፍ ሲሰሙት ነው የሚያማቸው።

እኔ አማካሪ ነኝ። ተማሪዬ ጠፋብኝ፤ ስልክ አያነሳም። ምን ላድርግ?

የጠፋ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ሰንፎ የጠፋ አይደለም፤ አፍሮ ነው። እሰጣለሁ ያለው ቀን አለፈው፣ ባዶ እጁን መምጣት ፈራ፣ በቆየ ቁጥር ደግሞ ይዞት ሊመጣ ይገባል ብሎ የሚያስበው ነገር አደገበት። እርስዎ በር ካልከፈቱ እሱ አይከፍትም። "ምዕራፉስ?" ብለው አይጻፉለት። "ጠፋህ እኮ፤ በደኅና ነው? ሐሙስ ቡና እንጠጣ፤ ምንም ይዘህ አትምጣ" ይበሉት። ሲመጣ ሁለት ገጽ ብቻ ይጠይቁት፤ ቀኑንም አብራችሁ ቁረጡ። እኔ በዚህ መንገድ ሁለት ተማሪ መልሻለሁ። አንዱን ግን በደብዳቤ አስጠንቅቄው አልተመለሰም፤ ዛሬ ቢሆን ደብዳቤውን አልጽፈውም ነበር።

ሌላም ልጨምር፤ ለእኛ ለአማካሪዎች እምብዛም አይነገረንም። "ይሄ አይሆንም" ካሉ የማይሆነው የቱ እንደሆነ ያሳዩ። በሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት ለተማሪ ብቻ ይያዙና በር ላይ ይለጥፉት። የማያውቁት ዘዴ ከሆነ "አላውቀውም" ይበሉ፤ ተማሪው እርስዎን አይቶ እሱም መናገር ይለምዳል። ሊይዙ ከሚችሉት በላይ ተማሪ ሲመደብልዎ ለዲፓርትመንቱ በጽሑፍ ይንገሩ። ዲፌንስ ላይ ደግሞ፣ አጽድቀው ላቀረቡት ሥራ የውጭ ፈታኙ ሲያፋጥጠው እርስዎ ጣሪያ አይዩ።

ለአማካሪዬ ስጦታ ብሰጥ ነውር አለው?

ከዲፌንስ በፊት ምንም አይስጡ፤ ምሳ መጋበዝም ቢሆን። ለማመስገን ብለው ያደረጉት እንደ ውለታ ይታያል፣ ሌላውም ተማሪ ካላደረግሁ ይቆጠርብኛል ብሎ ይጨነቃል። ካለፉ በኋላ የተጠረዘውን መመረቂያ ጽሑፍ አንድ ቅጂ፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ በእጅዎ ጽፈው ይስጧቸው።

እኔ የሰጠሁት ቅጂ አማካሪዬ ቢሮ መደርደሪያ ላይ፣ ከመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ነበር። ጡረታ ሊወጡ ዕቃ ሲያነሱ ላግዛቸው ሄጄ ገለጥ አደረግሁት። መልቲሌቭል ሞዴሉ ባለበት ገጽ ጠርዝ ላይ፣ እኔ ካለፍኩ በኋላ በእርሳስ የጻፉት ሁለት ጥያቄ አለ። ቁጭ ብለን በካርቶኖቹ መሀል አንደኛውን ተወያየንበት፤ ለሁለተኛው ሌላ ቀን ቀጠሮ ያዝን።